አራቱ ውድ መብራቶች

የቲያትር ቤቱ መብራተኛ ሙያውን የተማረችው ከታላቅ ወንድሟ ነው። ገና መሰላል ስትፈራ ከሥሯ ቆሞ «አይዞሽ፣ ይዤዋለሁ» እያለ አወጣት። ከስድስት ዓመት በፊት ግን ቲያትር ቤቱ ለሁለት መብራተኛ መክፈል አቃተው። እሱም «አንቺ ቅሪ» ብሏት በአውቶቡስ ሁለት ቀን ወደሚያስኬደው የወደብ ከተማ ሄደ። አሁን የመጋዘን መብራት ይሰቅላል።

ዘንድሮ የድሮዎቹ መብራቶች አለቀላቸው። አምፖላቸው ከገበያ ጠፋ፤ ያሉትም ተዋናዮቹን በላብ ያጠምቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ኤልኢዲ የሚባሉትን አዲሶቹን መብራቶች እንድትመርጥ አዘዛት።

«ገንዘባችን ይቺው ናት፤ ወይ አሥር ርካሽ፣ ወይ አራት ውድ። መብራት ያው መብራት ነው፤ እኔ ብሆን አሥሩን ነበር» አላት።

ሻጩ ከየዓይነቱ አንዳንድ ለሙከራ አዋሳት። ጎን ለጎን ሰቀለቻቸውና ልብስ ሰፊዋን መድረክ ላይ አቆመቻት።

«ቶሎ በይ፣ ካውያ ሰክቼ ነው የመጣሁት!»

ርካሹ ሲበራ የሴትዮዋ ፊት አመድ መሰለ።

«ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ? ሳልሞት ልትገንዢኝ ነው?»

ውዱ ሲበራ ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ። ቢሆንም የመብራተኛዋ ልብ አልቆረጠም። ያን ሁሉ መድረክ በአራት መብራት? የወንድሟን የምሳ ሰዓት ጠብቃ በቪዲዮ ደወለችለት።

«ወንድም ጋሼ፣ ቸግሮኛል።»

«ደግሞ ምን ገጠመሽ፣ እህት ዓለም?»

ነገረችውና ስልኩን ወደ መድረኩ አዞረችው። ዓይኑ መጋረጃው ላይ አረፈ።

«መጋረጃውን ቀየራችሁት?»

«አምና።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም።»

ርካሹን አበራችለት።

«ቆይ ቆይ! ይሄ የሚሮጠው ጥቁር መስመር ምንድን ነው?»

መድረኩ ላይ ምንም አይታይም፤ የስልኩ መስታወት ላይ ግን ጥቁር መስመሮች ይተራመሳሉ።

«ይርገበገባል ማለት ነው» አላት። «ዓይን ባያየውም ካሜራ ይይዘዋል። እስቲ ቀስ እያልሽ ቀንሺው።»

ስትቀንሰው ጥቂት ታገሠና ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ከሰማች ስንት ጊዜዋ! ውዱን ስታበራለት ግን መስመርም አልታየበት፣ ሲቀነስም በዝግታ ደበዘዘ።

«ለሰው ፊትስ? የትኛው ይሻላል?»

«እሱን እኔን አትጠይቂኝ፤ ስልክ ቀለም ላይ ይዋሻል። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«መጥተህ ብታየውስ?»

«ፈቃድ ካገኘሁ…» ብሎ ሳይጨርስ አንድ ሰው ጠራው፤ ስልኩም ተዘጋ።

በማግስቱ አራቱን መረጠች። ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ ሲል በርካሹ ብርሃን ሥር በስልኳ የቀረፀችውን ቪዲዮ አሳየችው።

«ማስታወቂያችን ላይ የሜዳ አህያ ልንመስል ነው?» አለና ፈረመ። የተውኔቱ አዘጋጅ «አራት መብራት አይበቃኝም» እያለ ሲነጫነጭ ሰንብቶ ትዕይንቶቹን ወደ መሐል ሰበሰበ።

በአዲሶቹ መብራቶች ልምምድ የተጀመረ ቀን፣ ዋናዋ ተዋናይ ስትገባ መብራተኛዋ ከጨለማው ቀስ አድርጋ አወጣቻት። «አየህ?» አለች፣ ወንድሟ ድሮ ይቆምበት ወደነበረው ጎን ዞራ። ማንም የለም። በራሷ አፍራ ስልኳን አንስታ ደወለችለት።

«ሥራ ላይ ነኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሺ፣ በኋላ እደውላለሁ።»

«አይ፣ አትዝጊው። ትንሽ ልስማ።»

ስልኩን የመብራቱ መቆጣጠሪያ አጠገብ አኖረችው። በእሱ በኩል ብረት ይንኳኳል፤ በእሷ በኩል ተዋናይዋ ትናገራለች።

«ማን ናት?»

«አዲስ ናት፤ አታውቃትም።»

«የት ቆማለች?»

«መሐል፣ ትንሽ ወደ ግራ።»

«ከኋላዋ ትንሽ ብርሃን ጨምሪላት።»

ጨመረች። የተዋናይዋ ትከሻ ከጨለማው ተለየ።

«እህ…» አለ፣ ያየ ይመስል።

ወዲያው ከወዲያ ማዶ አለቃው ጮኸ፤ መስመሩም ተቋረጠ። መብራተኛዋ ጣቷን ሳታነሳ፣ ብርሃኑን እንዳለ ይዛ፣ የተዋናይዋን ቀጣይ ቃል ጠበቀች።