ለሥልጠና የተላከችው ጨዋ ልጅ

ስንቅነሽ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ገና ሳይነጋ ተነስታ ሰመራ እስክትደርስ ድረስ ንዴቷ አልበረደላትም። እንዴት ይብረድላት? አንድ ልጇ ኡራኤል የሰው ልጅ ነከሰ፣ ወንበር ወረወረ ተብሎ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ድርሽ እንዳይል ተነግሯታል። ትናንት ደግሞ ጎረቤቷ ሰኢዳ ወሬ ይዛላት መጣች። ለካ እንዲህ ላሉ አስቸጋሪ ልጆች ሰመራ ላይ ሥልጠና አለ። ከየትምህርት ቤቱ አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅና አንድ ልጅ አብረው ይሰለጥናሉ፤ ሥልጠናው ውስጥ የገባ ልጅም አይባረርም።

ታዲያ ማንን ላኩ? መምህሩ የኡራኤል ክፍል ኃላፊ ፍሬምናጦስ ነው፣ እሱስ ይሁን። ወላጅ ተብለው የሄዱት ግን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ጋሽ ደግነት ናቸው። የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ተመርቆ ሥራ ከያዘ ቆይቷል። ልጅ ተብላ የተላከችው ደግሞ ኩኩ ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው፣ እንግዳ ሲመጣ አበባ የምታበረክተው ኩኩ። ክልሉ ፊት ትምህርት ቤቱን የሚያሰድብ ልጅ እንዴት ተደርጎ ይላካል! ጤነኛውን ሐኪም ቤት ሰደው በሽተኛውን ከደጅ አባረሩት።

ዘበኛው "ስምሽ የለም" ቢላት ሰምታ እንዳልሰማች ኡራኤልን እየጎተተች ሥልጠናው የሚሰጥበት አዳራሽ ገባች። መድረኩ ላይ ፍሬምናጦስ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ በኩኩ ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ፣ "ምን አስከፋሽ የኔ ልጅ?" እያለ ይለማመዳል። ቤቱ አጨበጨበለት። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ስንቅነሽ አታውቅም ነበር። ደሟ ፈላ።

"እሷማ ምን ይከፋታል" አለች ከኋላ። "የከፋው ይኸው፣ አምጥቼዋለሁ። እስቲ እሱንም እንደዚያ አናግረው፣ መምህር።"

"ኧረ ሥርዓት ያዢ ልጄ፣ ሰው ፊት ነን" አሉ ጋሽ ደግነት።

"ሰው ፊት ስለሆንን ነው የምናገረው፣ ጋሼ።"

አሰልጣኟ ሙኒያ አልተቆጣችም። "አብሽሪ እህቴ" አለቻትና ወደ መምህሩ ዞረች። "ጥሩ ነው፤ የተማርነውን በእሱ ያሳዩን።"

ፍሬምናጦስ ላቡን ጠርጎ እንደገና ዝቅ አለ። "ኡራኤል፣ ና እስቲ የኔ ልጅ" አለ፣ ድምፁን አለስልሶ። ልጁ እግሩን እየጎተተ መጣ። ፊቱ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ተንበረከከና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

"አያችሁልኝ?" አለች ስንቅነሽ። "ይኼን ነው ያስተማረው። ይኼንኑ ነው።" ፍሬምናጦስ አቀረቀረ።

ሙኒያ ልጁ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። "እንዲህ የምትንበረከከው የት ነው፣ ኡራኤል?"

"ክፍል" አለ። ቀጥሎ እናቱን ደስ የሚላት መስሎት ፈገግ አለ። "ቤት ግን ጎበዝ ነኝ። እማዬ ራት እስክታቀርብ እጄን አላወርድም።"

ስንቅነሽ ልጅ መቅጣት መስሏት ነበር እንጂ፣ እሷም መምህሩ ያደረገውን እያደረገች እንደሆነ አንድም ቀን አስባው አታውቅም። ንዴቷ አሁንም አልበረደም፤ ግን ከመምህሩ ወርዶ እሷው ላይ ተከመረ። ራሷን በጥፊ ብትመታ ወደደች።

ጋሽ ደግነት ቀስ ብለው ተነሱና "ወላጅ" የሚለውን ባጅ ከአንገታቸው አወለቁ። "በይ እንኪ" አሏት። ሙኒያም ልጁ ሥልጠናው ላይ እንደሚቆይና ሰኞ ክፍሉ እንደሚገባ ተናገረች፤ ፍሬምናጦስ ሳይከራከር ራሱን ነቀነቀ። ስንቅነሽ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ይኼንኑ ብላ ነበር። ባጁን ስትቀበል ግን የሰው ዓይን ማየት አቃታት።

ኡራኤል አሁንም እጁን እንደዘረጋ ነው። "እማዬ" አላት፣ "ልነሳ?"