ደምለው ወደ ግራ ሲዞር

በግቢያቸው ያለው ወፍጮ የአንዱ ብሎን ቀዳዳ ጥርሱ ከተበላበት ቀን ጀምሮ የትርንጎ ባል ደምለው ወደ ግራ መዞር ጀመረ። የሚዞረው በቀስታ ነው። ቁርስ ላይ ፊቱን ወደ ሚስቱ አድርጎ ይቀመጣል፤ የመጨረሻውን ጉርሻ የሚውጠው ግን ጀርባውን ሰጥቷት ነው። ማታ በራስጌ የተኛ ሰው ጠዋት በግርጌ ይገኛል። አንድ ሙሉ ዙር በዞረ ቁጥር ደግሞ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከፍታውም የዚያ ብሎን አንድ ጥርስ ያህል ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም።

ትርንጎ መጀመሪያ የጠረጠረችው ጫማውን ነበር። ሶሉን ገልብጣ አየችው፤ ደህና ነው። ከዚያ ወፍጮ ቤት ገባች። የወፍጮው ዘንግ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ አቅፎ የያዘው የአሉሚኒየም አካል ላይ ካሉት ብሎኖች አንዱ ብቻውን እየዞረ ይወጣል። በጣቷ ያዘችው፤ ግቢው ውስጥ ደምለው ቆመ። ለቀቀችው፤ ዞረ። ሞተሩን አጠፋች፤ ብሎኑ የሞተሩን መጥፋት ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ባሏን ከመሬት ጋር ያሰረው ይህ ብሎን ነው፤ ቀዳዳው ደግሞ ጥርስ አልቀረለትም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለጋትም። በመንደራቸው በቁልቋል ሜዳ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ እጁ ሥራ ይፈልጋል። እህሉን አስቀምጦ ዝም ብሎ መቆም ነውር ይመስል፣ ያ ብሎን ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ መፍቻውን ያነሳና «አንድ ለእኔ» ብሎ ያጠብቀዋል። በጉልበታቸው የሚኮሩት የበርበሬ ነጋዴው ጋሽ ውድነህማ መፍቻው እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክተው ነው የሚያጠብቁት። ሁሉም የሚያደርጉት በቅንነት ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል፤ ጠንካራው ብሎን ለስላሳውን አሉሚኒየም በልቶ ጨረሰው።

በእነዚያ ሁሉ የማጥበቅ ዓመታት ደምለው ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ነበር። የገዛ እህቱ ከወንዝ ማዶ ስትዳር እንኳ «እግሬ እምቢ አለኝ» ብሎ ቀረ። አገር ሁሉ ልበ ደንዳና አለው። ትርንጎም ስንት ቀን አኩርፋዋለች። አሁን ነገሩ ሲገባት አፈረች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ደምለው ግን ቀስ በቀስ በእግሩ መሄድ ተወ። ከአጥሩ በላይ ሲሆን ትርንጎ በአህያ መጫኛ ወገቡን ከግቢው ምሰሶ ጋር አሰረችው። ገመዱ በዞረ ቁጥር ይጠመጠምበታል፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ መሰላል አቁማ ትተረትረዋለች።

«ትርንጎ» አለ አንድ ቀን ከላይ ሆኖ፣ «የእህቴ ቤት ይታያል።»

«እንዴት ነው?»

«ቆርቆሮ አልብሰውታል። ያምራል።»

«በል ውረድ።»

«እኔ ነኝ እንዴ የምወጣው?»

ትርንጎ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ይህን ሰው ትወደዋለች። ብሎኑ ወጥቶ ከወደቀ ገመዱም ምሰሶውም እንደማይመልሱት ታውቃለች። ወደ ሰማይ ሄዶ የተመለሰ ባል ደግሞ አይታ አታውቅም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እኔ እያለሁ የትም አትሄድም» አለችው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። መጀመሪያ ከቲማቲም ጣሳ ቀጭን ቆርቆሮ ቆርጣ፣ ብሎኑን ሳታወጣው በዙሪያው ቀዳዳው ውስጥ ሰገሰገችና መልሳ አሰረችው። የደምለው እግር እስከ ጉልበቷ ከፍታ ድረስ ወረደ። ሰውም እልል አለ። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ተቀደደና ደምለው በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ምሰሶውም ከነሥሩ ተነቃነቀ። ትርንጎ የሆነውን አይታ፣ ጣሳውን ወርውራ፣ የዕቃ ሳጥኗን ለማምጣት ገባች።

ከማግባቷ በፊት ሞተር ሳይክል ጋራዥ ትሠራ ስለነበር ትክክለኛውን መንገድ ታውቀዋለች። የተበላው ቀዳዳ በትራፓኖ እየተሰረሰረ ሰፋ ይደረጋል። በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። እዚያ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ሞላ የተጠመዘዘ የብረት ሽቦ ይገባል፤ የድሮው ብሎን በሽቦው ውስጥ ይታሰራል። ሥራው ከባድ አይደለም። እስካሁን ያልጀመረችው ከብሎኑ የተነሳ ነው፤ እሱ ሳይወጣ ቀዳዳው አይሠራም።

መሰላሉ ላይ ወጥታ ነገረችው።

«ማውጣት አለብኝ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

ደምለው በዚያች ሰዓት ፊቱ ወደ ወንዙ ነበር። ወደ እሷ እስኪዞር ጠበቀና «እሺ፤ ብቻ አትቆይ» አላት።

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጆንያውን ትቶ ወጣ። ጋሽ ውድነህ የደምለውን ሁለት እግሮች አቀፉ፤ ሌሎቹ ጋሽ ውድነህን ያዙ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ደግሞ የያዙትን ያዙ። ትርንጎ በወፍጮ ቤቱ በር አየቻቸውና ብሎኑን አወጣች። የጋሽ ውድነህ ተረከዝ ከመሬት ተነሳ።

የእጅ ትራፓኖዋን ቀዳዳው ላይ አስቀመጠች። ቀጥ ማለቱን ከፊት አየች፤ ከጎን አየች፤ ጎንበስ ብላ ደግማ አየች።

«ኧረ ፍጠኚ ልጄ!» አሉ ጋሽ ውድነህ።

«አልፈጥንም።»

«እጃችን ሊቆረጥ ነው እኮ!»

«ጋሽ ውድነህ፣ ቀዳዳው ከተጣመመ ባሌ ዕድሜ ልኩን አዘንብሎ ነው የሚኖረው። እርስዎ ይያዙ፤ እኔ ልሥራ።»

ጋሽ ውድነህ ያዙ። የአሉሚኒየሙ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ መሬት ላይ ይረግፋል። ቀዳዳው ሲሰፋ በሱፍ ጨርቅ ጠረገችው፤ ዘይት ጠብ አደረገችና ጥርስ ማውጫውን አስገባች። ይህ መሣሪያ ትንሽ ወደ ፊት ይዞራል፤ ፍቅፋቂው እንዲሰበር ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። ውጭ ደምለው ከነያዡ ሰው ትንሽ ይወርዳል፤ ጥቂት ይወጣል፤ ትንሽ ይወርዳል።

«ምን እያደረግሽኝ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ጥርስ እያወጣሁልህ ነው።»

«ይኮረኩራል።»

«ታገሥ።»

የብረት ሽቦውን በክብሪት ቤት ውስጥ ነበር ያስቀመጠችው። እየጠመዘዘች አስገባችው፤ አፉ ከቀዳዳው ከንፈር ዝቅ ሲልላት ተወችው። ቀጥሎ ብሎኑን በጣቷ ጀመረችው። ሳያንገራግር ገባ። ጣቷ አልበቃ ሲለው አጭሩን መፍቻ አነሳች፤ በክንዷ ሳይሆን በእጇ አንጓ ብቻ ታጠብቅ ጀመር። ደምለው ወደ ቀኝ እየዞረ ወረደ። ያዦቹ አንድ በአንድ ለቀቁት። የእግሩ ጣቶች መሬት ነኩ፤ ከዚያ ተረከዙ ነካ፤ አፈሩ በጫማው ዙሪያ ብቻ ትንሽ ተጫነ። ትርንጎ መፍቻውን አወለቀች።

ጋሽ ውድነህ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ቧንቧቸውን ይዘው ገቡ። «አንድ ብቻ ልጄ፤ አንድ ለእኔ።»

«በቃ ብያለሁ።»

«እንዲያው ለመተማመኛ...»

«ቀዳዳውን የበላው ይኸው መተማመኛ ነው፣ ጋሽ ውድነህ። ያስቀምጡት።»

ቧንቧውን በር ላይ አቆሙት። «እና ይይዛል?» ብለው ጠየቁ።

«አሁን የያዘው ብረት ነው። ከድሮው ይበልጣል።»

ሞተሩን አስነሳች። ወፍጮው አጓራ፤ ዱቄቱ መውረድ ጀመረ። ብሎኑ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየች፤ ንቅንቅ አላለም። በሩ ላይ ወጥታ ደምለውን አየችው። ፊቱን ወደ እሷ እንዳደረገ ቆሟል፤ ፊቱም እዚያው ቆየ። ገመዱን ፈታችለት፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና እጇን ዘረጋች።

«ና እስቲ፣ ወደ እኔ ተራመድ።»

ደምለው ፈገግ ብሎ ቀኝ እግሩን አነሳ። መሬቱም አብሮት ተነሳ።

ግቢው ተነሳ፤ ወፍጮ ቤቱ፣ ጆንያዎቹ፣ አጥሩ፣ ወረፋው ሁሉ በአንድ በኩል ከፍ አለ። ወፍጮው መፍጨቱን አላቋረጠም። ሴቶቹ እንዳይወድቁ ጉልበታቸውን አጠፍ አደረጉ፤ አንዲቷ የሚንከባለል ቁና ያዘች። ከአጥሩ ማዶ በሜዳው ላይ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ዳገት ሆነበትና ማርሽ ቀየረ።

ደምለው እግሩን እንዳንጠለጠለ ሚስቱን አያት።

«ላስቀምጠው?» አለ።

ትርንጎ ወደ አጥሩ ሥር አየች፤ ብረቱ ባሏን ከመሬቱ አልለቅ ቢል፣ የተላቀቀው መሬቱ ራሱ ነው። እዚያ፣ አፈሩ በተላቀቀበት በኩል፣ ክንድ የሚያስገባ ጨለማ ተከፍቷል። ወደዚያ ውስጥ የሚሳበው ቀዝቃዛ ነፋስ በሩ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት እያነሳ፣ በነጭ መስመር፣ ወደ ታች ይወስደው ጀመር።