የእናቴ ሦስት መልካም ነገሮች

እዚህ ደብረ ማርቆስ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ባልደረቦቼ «ቀና አስብ» ነው የሚሉኝ። ስሜ የሺዋስ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣልኝ ቅዳሜና እሑድ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፖዘቲቭ ሳይኮሎጂ መማር ስጀምር ነው፤ ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን ሲጠሩኝ ጆሮዬ ይግላል። ትምህርቱ ምንም አላጠፋም። መምህርታችን በመጀመሪያው ሳምንት «በቀን ሦስት መልካም ነገር ጻፉ፤ የከፋውን ግን አትካዱ» ብላን ነበር። እኔ ግማሹን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ሄለን ውሃ ጠፋ ብላ ስታማርር «እስኪ መጀመሪያ ሦስት መልካም ነገር ንገሪኝ» አልኳት። ሄለን የዋዛ አይደለችምና ባዶውን ጀሪካን አስታቅፋኝ ሄደች።

እናቴ ግን ታዘዘችኝ።

እናቴ ይጁቤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አባቴ ካረፈ ወዲህ በየእሑዱ አመሻሽ ላይ ትደውልልኛለች። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ እሑድ «ራሴን ይፈልጠኛል ልጄ። ዓይኔንም እንጃ፤ አምፖሉን ሳየው ዙሪያውን ቀስተ ደመና ይዞት ይታየኛል» አለችኝ። የቤት ሥራዬን እየጻፍኩ ነበር። ሳቅሁ፤ አዎ፣ ሳቅሁ።

«ቀስተ ደመና እኮ መልካም ነገር ነው፣ እማ» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ስትደውይ ሦስት መልካም ነገር ብቻ ንገሪኝ። ክፉ ክፉውን ማውራት ራሱ ያሳምማል።»

«እሺ ሆዴ፣ አንተ ተምረሃል» ብላ ስልኩን ዘጋች። የተሰማኝ ኩራት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድም እሑድ አላስታጎለችም። ሦስት ትነግረኛለች፣ ሦስቱንም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ራስ ምታቷን ዳግመኛ አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። እንዲያውም ተሽሏታል ብዬ ለሄለን አወራሁላት። ሐምሌ ላይ የመጨረሻውን የጥናት ወረቀት የሠራሁት በእናቴ ላይ ነው። አንዲት ያልተማረች የገጠር እናት በሰባት ወር ውስጥ ከማማረር ወደ ምስጋና እንዴት እንደተሻገረች በምድብ በምድብ ከፋፍዬ ክፍል ፊት አነበብኩ። «ዛሬ ከማንም ጋር፣ ከምንም ጋር ሳልጋጭ ዋልኩ» ያለችውን «ጤናማ ማኅበራዊ ግንኙነት» በሚለው ርዕስ ስር አስገብቼዋለሁ። ተጨበጨበልኝ።

ያላጨበጨበ አንድ ሰው ነበር፤ አምደሚካኤል። ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ኖሮ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ስንወጣ በረንዳው ላይ ጠበቀኝ።

«እናትህ ማየት ካቃታቸው ምን ያህል ሆናቸው?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? ደህና ናት።»

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና በጣቱ እየጠቆመ አነበበልኝ። «"ጎረቤቴ ሥራነሽ ቁጥሩን ነክታ ደወለችልኝ" ብለዋል። ራሳቸው ለምን አልነኩትም? "ልጇ አበባው እጄን ይዞ ቅዳሴ አደረሰኝ።" ዕድሜ ልካቸውን የሄዱበትን መንገድ? እሺ፣ ይኼኛውስ? ከማንም ጋር አለመጋጨቱን ሰላም ነው ብለህ ወሰድከው። "ከምንም ጋር" የሚለውን ምን አደረግከው? ሰው ከግድግዳ ጋር ይጣላል?»

ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኩት። አንተ ሰሙን ነው ያነበብክልን አላለኝም፤ ማለት አላስፈለገውም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ትእዛዜን ሳታፈርስ ግን በየእሑዱ ሁሉንም ነግራኛለች። እኔ ነኝ ቁጥር እየሰጠሁ ስመዘግብ የከረምኩት።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይጁቤ ወረድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ግንባሯ ላይ የቆየ ሰንበር አለ። ሄጄ ከፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ውይ ልጄ፣ ምነው በደህናህ?» አለችና ልትስመኝ ስትነሳ በአየሩ ላይ እጇን ዘረጋች። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፣ ሥራነሽ አየችኝ፣ አፈርኩ። በሌላ ጊዜ እነግራታለሁ ብዬ ልብሷን ሸክፌ ወደ ማርቆስ ይዣት ተመለስኩ።

ዓይን ክሊኒክ ያገኘን ሐኪም ትሑት ወጣት ነው። በመሣሪያው ብዙ አያት፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ ስቦ ተቀመጠ።

«ግላኮማ ነው። የዓይን ውስጥ ግፊት ነው» አለ። «የቀኙ ጠፍቷል፤ እሱ አይመለስም። በግራው ጥቂት ብርሃን አለ፤ እሱን በጠብታ ለማትረፍ እንሞክራለን። እናቴ፣ መቼ ነበር የጀመረዎት?»

ወሩንም ቀኑንም አውቀዋለሁ። ደብተሬ ላይ በእጄ ጽሑፍ አለ።

እናቴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ያየችው ግን ከጎኔ ያለውን ግድግዳ ነው። «ሰሞኑን ነው» አለች።

«ሰሞኑን ሊሆን አይችልም። ወራት የፈጀ ነገር ነው። ያኔውኑ ለልጅዎ ነግረውት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እናድናቸው ነበር።»

«አጥፍቻለሁ፣ ዶክተር። እሱ በምን ያውቃል? እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ሐኪሙ በሐዘኔታ አየኝ። «እናቶች እንዲህ ናቸው፣ መምህር። ልጅ እንዳይጨነቅ ብለው ይደብቃሉ።»

የእናቴ እጅ እጄ ውስጥ ነበር። ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። መናገር ያለብኝን ሁሉ ምላሴ ላይ አድርሼው ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ይደብቃሉ።»