ከወይራው ሥር የተቀበረ እትብት

ዑበይዳን የሰደበው አምባቸው ነው። የካቲት 17 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ የቅሬው፣ የቀብር እድሩ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ። ለለቀስተኛ ድንኳን ይገዛ አይገዛ ተብሎ እጅ ይውጣ ተባለ። ዑበይዳ ቀኝ እጁ ከሞተ ሰባት ወሩ ነበርና ግራውን አነሳ። የሚቆጥረው የቅሬው ዳኛ አምባቸው ነው። ጣቱን እየቀሰረ ሲቆጥር ሲቆጥር መጥቶ፣ ዑበይዳ ዘንድ ሲደርስ ቆም አለ።

«የሱን ግማሽ በሉት» አለ።

ሰው ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ዑበይዳ ዛሬም ይቆጥርልሃል፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ፈንታዬ እንኳ፣ ከሳል በቀር ትንፋሽ የሌለው ፈንታዬ፣ ሳሉን አቋርጦ ሳቀ።

በሽታው የጣለው ድንገት ነበር። አንድ ማለዳ ውዱእ ሊያደርግ ሲል ማንቆርቆሪያው ከእጁ ወደቀ፤ ላነሳ ብሎ ጎንበስ ሲል ራሱም ተከተለው። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው አሉ፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተዘግቶ ነው አሉ። ከጊዜ በኋላ ምላሱ ተፈታ፣ እግሩም እየተጎተተ ተመለሰ። እጁ ግን አልተመለሰም። የሰው ዕቃ በአደራ ያስቀመጡበት ይመስል ከትከሻው ተንጠልጥሎ ቀረ።

በክረምቱ መጨረሻ፣ ዙሁር ሰግዶ ቁርበቱ ላይ ጋደም ባለበት፣ አንድ ዶክተር በሬድዮ ሲናገር ሰማ። ግንደ ሕዋስ የሚባል ነገር አለ ይላል ዶክተሩ፤ ምን እንደሚሆን ገና ያልወሰነ፣ ሌላ ሌላውን የሰውነት ክፍል መሆን የሚችል ዘር ማለት ነው። ከአጥንት መቅኔ ይገኛል፣ ከእትብት ደምም ይገኛል። በውጭ አገር ስትሮክ ለጣላቸው ሰዎች እየሰጡ ይሞክሩታል። እዚህ ላይ የሬድዮው ባትሪ ደከመና የዶክተሩ ድምፅ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሰው እየራቀ ሄደ። ዑበይዳም አብሮት ሄደ።

በሕልሙ ከወይራ ሥር ተቀምጧል። ጉሙ ከዓባይ በረሃ ተነስቶ እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ከመሬቱ አንዲት ነጭ ነገር፣ የበቀለ ባቄላ የመሰለች፣ ብቅ አለችና በእጅጌው ገባች። ቀዝቃዛ ነበረች። ክርኑን አልፋ መዳፉ ላይ ስትደርስ ጣቶቹ አንድ በአንድ አቆጠቆጡ፤ አውራ ጣቱ መጨረሻ ላይ። እጁን ብድግ ሲያደርገው ጉሙ ለሁለት ተከፈለለት።

ሲነቃ እጁ ከጎኑ ተጋድሟል።

የእህቱ ልጅ ዙሀራ የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ናት። ሄዶ ጠየቃት። አጥብቃ አስረዳችው፤ ነገሩ ገና ሙከራ ላይ ነው፣ መድኃኒት ነው ብሎ የጨረሰው የለም፣ ወደኛ አገርም አልደረሰ። የእትብቱም ደም ቢሆን ልጁ እንደተወለደ በትኩሱ ተቀድቶ በወጉ ካልተቀመጠ አይሆንም። ከዚያ ከጨርቅ የሰፋችውን ኳስ በቀኝ መዳፉ አስቀመጠችለት። «አጎቴ፣ ይልቅ ይችን በቀን መቶ ጊዜ ለመጨበጥ ይሞክሩ» አለችው።

እሺ አላት። ኳሷን ግን ቤቱ ሲገባ ከቁም ሳጥኑ ሥር ወረወራት። ከነገሩ ሁሉ የያዘው እትብት የምትለዋን ነው። እናቱ ዘሊካ፣ አላህ ይማራት፣ የሱን እትብት ዱዓ አስደርጋ ከጓሮው ወይራ ሥር ቀብራዋለች። ልጅ ሳለ እጁን ይዛ ቦታውን ታሳየው ነበር፤ የትም ብትሄድ አንተ እዚህ ነህ ትለው ነበር። እንደዚያ ተከብሮ የተቀበረ ነገር እንደ ድንች ልጣጭ ይበሰብሳል ብሎ ማን ያምናል?

ችግሩ ወይራው ነው። በ1989ኙ የመሬት ድልድል፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርክ ተብሎ የአባቱ ቦታ ሲወሰድበት፣ ጓሮው ከነወይራው ለአምባቸው ደርሷል።

ሦስት ሳምንት ከራሱ ጋር ተሟገተ። ሕልሙ ከሰዓት ከሰዓት ይመጣል፤ ነጯ ነገር ግን አሁን ክርኑ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ፈቃድ የምትጠብቅ ይመስላል።

በመስከረም አንድ ጠዋት ሄደ። ጉሙ ዛፉንም ቤቱንም ውጦታል፤ የራሱ ዱላ ድምፅ ሌላ ሰው ከፊቱ የሚሄድ አስመስሎበታል። በሩ ላይ የአምባቸው ምራት አልታዬ ሽምብራ ስትለቅም አገኛት። ሆዷ ገፍቷል፣ ወሯ ነው። ተነስታ አማቷን ጠራችለት።

ዑበይዳ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረው፤ ሬድዮውን፣ የዙሀራን ነገር፣ ወይራውን። ከዚያ ሳቁን ጠበቀ። ለሳቁ የሚመልሰውን ከቤቱ አዘጋጅቶ ነው የመጣው።

አምባቸው አልሳቀም። ገብቶ ዶማ ይዞ ወጣ። «በአንድ እጅ አትችለውም፣ ቦታውን አሳየኝ» አለ።

በዱላው አሳየው። አምባቸው ይቆፍር ገባ። በጉሙ ውስጥ የዶማው ድምፅ ከመሬት በታች የሚመጣ ይመስል ነበር፤ በመታ ቁጥር ዑበይዳ ክንዱን የሆነ ነገር ውርር ያደርገዋል፣ ወይም ያደረገው ይመስለዋል። ጉድጓዱ ጉልበት ደረሰ። ጥቁር አፈር፣ የወይራ ሥር፣ የገል ስባሪ። አምባቸው ተንበርክኮ ጓሉን ሁሉ በመዳፉ እያሸ፣ ቀለበት እንደጠፋበት ሰው ይፈልጋል። ጉሙ ሳስቶ ከከተማው አዛን ሲሰማ ዑበይዳ ይብቃህ አለው። ክንዱ ዝም ብሎ ነበር።

አምባቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

«ዙሀራ ትኩሱ ነው የሚሆነው አለች አይደል ያልከኝ?»

ዑበይዳ አንገቱን ነቀነቀ።

«አልታዬ ዛሬ ነገ ናት። የሚወለደው የልጄ ልጅ ነው። እትብቱን ውሰደው። እዚህ ከምንቀብረው አንተን ይጥቀምህ።»

አልታዬ በሩ ላይ ሆና ሰማች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዑበይዳን አየችው፤ ፊቷ ላይ እንቢታ አልነበረም።

ዑበይዳ ለአምባቸው ስድብ ሁሉ መልስ ነበረው፤ ከየካቲት ወዲህ ያላዘጋጀው አልነበረም። ይህ ግን ስድብ አልነበረም። ከሰደበው ሰው እጅ መቀበል ከስድቡ ይልቅ ከበደው። ዱላውን በግራው ጨበጠና ፊቱን አዞረ። አምባቸው ከጉድጓዱ ሆኖ በስሙ ጠራው፣ ደግሞም ጠራው። እሱ እግሩን እየጎተተ ቁልቁል ሄደ።