ከጅቡቲ የመጣ ውሃ

ወንድሜ ናኦድ የቡና መኪና ረዳት ነበር። ጅቡቲ ላይ ጭነቱ እስኪራገፍ እግሩን ሊታጠብ ባሕሩ ዳር ወረደ፤ ማዕበል ወሰደው። ጅማ ያደገ ልጅ ባሕር የት ያውቃል! አስከሬኑ አልተገኘም። እናቴ ብርሃንነሽ «አፈር ሳላለብሰው ለቅሶ አልቀመጥም» አለች። እሷን የሚያሳምን ሰው ሰፈራችን መንደራ ቆጪ ውስጥ ገና አልተወለደም።

ሾፌሩ ኸይሩ ባዶ እጁን መምጣት ቢከብደው፣ ናኦድ ከጠፋበት ዳርቻ አንድ ጀሪካን ውሃና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ አመጣልን። ሳፋ ውስጥ ስናደርገው ከድንጋዩ ቀዳዳ አውራ ጣቴን የምታክል ዓሣ ብቅ አለች። ዓይኖቿ አናቷ ላይ ናቸው።

«ኑሮዋ ዳር ነው፣ ሃርሜ» አላት ኸይሩ እናቴን፤ በኦሮምኛ «እናቴ» ማለቱ ነው። «ባሕሩ ሲሸሽ ቀዳዳዋ ውስጥ ቀርታ እስኪመለስ ትጠብቃለች።»

ለወንድሜ ሳላለቅስ ዓሣ ልቀልብ እንዴ? ተናደድኩ። ግን የሳፋው ውሃ በየቀኑ ማንም ሳይነካው ይጎድላል፣ ማንም ሳይጨምርበት ይሞላል። መጀመሪያ እናቴን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ድመቷን። ኋላ ኸይሩ ከጅቡቲ ሲደውል ገባን፤ እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ እዚህ ሳፋው ይጎድላል።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ እንድፋው» አልኳት ፈርቼ። እናቴ ወንበሯን ሳፋው አጠገብ አድርጋ ትጠብቅ ጀመር።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ውሃው ጨርሶ ደረቀ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ኸይሩ ጅቡቲ ነበር፤ እናቴ ደወለችለት።

«ልጄ፣ ባሕሩ ሸሽቷል። ሂድና ድንጋዮቹ ሥር እይልኝ።»

ስልኩን ሳይዘጋ ሮጠ፤ ትንፋሹ ይሰማናል። «ወላሂ፣ እንዲህ ርቆ ሲሸሽ አይቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።

«አገኘሁት፣ ሃርሜ። ዋሻ ነገር ውስጥ ነው። እግሩን ድንጋይ ይዞታል፤ ላውጣው።»

እናቴ ተንበረከከች። እልል ትበል ታልቅስ አላወቀችም። እኔ ግን ዓይኔ ሳፋው ላይ ነበር። ውሃው ከሥር ይመጣል፤ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ ሳይሆን እየተንደቀደቀ። ዓሣዋ ከቀዳዳዋ ወጥታ ትዋኛለች።

«እማዬ» ብዬ በጣቴ አሳየኋት።

«ትንሽ ቀረኝ፤ ቀበቶውን ይዤዋለሁ» ይላል ኸይሩ።

ውሃው ከሳፋው አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች፦

«ልቀቀው! ኸይሩ፣ ልጄን ልቀቀውና ውጣ!»