የጀልባዋ ሁለተኛ ባለቤት

ቅጹ ሁለት ገጽ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ በዐረብኛ የተጻፈ። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ውል የማዘጋጅባትና ሰነድ የምተረጉምባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ብዙ ሰው ጉዳዩን በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶልኛል፤ የባሌን ጉዳይ ስቀበል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ባሌ ባየልኝ ከገላባት ማዶ፣ ሱዳኖች ግድብ ሠርተው ባቆሙት ሐይቅ ላይ፣ ባለሞተር ጀልባ ገዝቷል። በጾም ወራት ለገንዳ ውሃ ገበያ ዓሣ ሊያቀርብ አስቧል። የውጭ አገር ሰው በመሆኑ፣ ጀልባዋን ለማስመዝገብ እዚያ የሚኖር ዘመድ በሁለተኛ ባለቤትነት አብሮት እንዲፈርም ተጠይቋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመዘገበች ውሃ ላይ አትወጣም።

«ሁለተኛ ባለቤት ማን ልበል?»

«ሙሚና።»

ዓይኑን ከቅጹ አላነሳም። ስሙን በስልኩ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ እሷ ስትደውል ወደ በረንዳ ይወጣል።

«የዝምድና ዓይነት ይላል።»

«እህቴ ናት በይ።»

«እህት የለህም። እናትህ ከአንተ ሌላ እንዳልወለዱ ራሳቸው ነግረውኛል።»

«እህቴ ናት አልሁሽ! ሌላውንም ሰው እንዲህ ነው የምትመረምሪው?»

«ሌላው ሰው ማስረጃ ይዞ ይመጣል።»

«ወይ ጣጣ! ዳኛ ነው ያገባሁት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ባየልኝ ዐረብኛን እንደ ገበያ ሰው ይናገራል እንጂ አያነብም። በሰባተኛው መስመር ላይ «ዝምድና የላቸውም» ብዬ ጻፍሁ። ውሸት አልጻፍሁም፤ ለራሴም ያልሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቃሉን ስጽፍ የተሰማኝ ደስታ እውነትን የሚወድ ሰው ደስታ አልነበረም። ጣቴን ባሳረፍሁበት ቦታ ላይ፣ ሳይጠይቅ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥር ቀናት ያላየኋትን ሴት በሐሳቤ ሠራኋት። ቁመቷን አረዘምሁ፤ እንደ ሱዳን ሴቶች የምትጠመጥመውን የቶቧን ቀለም መረጥሁ፤ ሽቱዋን ሳይቀር አሸተትሁት። በዐሥራ አንደኛው ቀን ባየልኝ ቅጹን ይዞ ተመለሰ።

«አልተቀበሉትም። ማኅተም ይጎድለዋል አሉ። ይኸውልሽ፣ ሙሚናም አብራኝ መጣች።»

አጭር ነበረች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። በጫማዋ ጠርዝ ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቋል። ከሠራኋት ሴት ጋር በምንም አትመሳሰልም፤ ቅናቴ ግን አልበረደም። ገና ሳትቀመጥ የባሌን ትከሻ አቧራ አራግፋ፣ «ዛሬም እህል ሳትቀምስ ነው የዋልህ» አለችው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አብሬው ነበርሁ፤ ይህን ግን አላስተዋልሁም።

ባየልኝ መታወቂያዎቹን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ወጣ። ሁለታችን ቀረን።

«የወንድሜ ሚስት፣ ማር አሁንም አይቀምስም?» አለችኝ።

ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ማር ቀምሶ አያውቅም። ጥርሱን ያመዋል ብዬ አምን ነበር።

«ምን አገናኘው?»

«አልነገረሽም? ወላሂ፣ ይኼ ሰውዬ!» ሳቀች። «ሰሊጥ ሊያጭድ ማዶ በመጣበት ዓመት የካላዛር በሽታ ጣለው። እናቴ፣ አየሁሽ ነው ስሟ፣ የቋራ ሰው ናት፤ ገላባት አግብታ ቀረች። የአገሬ ሰው ነው ብላ ቤት አስገባችው። ጎረቤት ደግሞ አላስቀምጥ አለን፤ ባዕድ ወንድ ከልጃገረድ ጋር እያሉ። እሷ ምን አደረገች? ሽማግሌ ጠርታ፣ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ፣ ‹ጥባ፣ የጡት ልጄ ነህ› አለችው። ያን ሁሉ ጢም ይዞ ጠባ! ኸላስ፣ ሐሜቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ማር የእናቴ ነው ብሎ አይነካም።»

የጡት ልጅ ምን እንደሆነ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። እንዲህ የተዛመዱ አይጋቡም፤ ወንድምና እህት ናቸው። እኔም አውቃለሁ። ባሌ ግን ይህን ያህል ዓመት ከእኔ ደብቆታል።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ያፍርሻል። የተማረች ናት፣ ጣት ጠባሁ ብላት ትስቅብኛለች ይላል።»

ከቦርሳዋ የሽማግሌዎቹን የምስክርነት ወረቀት አወጣች። ከግርጌው የእናቷ ፊርማ አልነበረም፤ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት።

«ሙሚና፣ ያ ሰባተኛው መስመር…»

«አንብቤዋለሁ፤ ቅጹን የመለሱትም በእሱ ነው። ዐረብኛ የአባቴ ቋንቋ እኮ ነው።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። «ለእሱ ማኅተም ጎደለ ብዬዋለሁ። አንቺም ያንኑ በይው።»

አዲሱን ቅጽ ሞላሁ፤ በሰባተኛው መስመር «የጡት እህት» ብዬ ጻፍሁ። ማስረጃውን አያያዝሁ። ባየልኝ ኮፒዎቹን ይዞ ገባና በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ፣ የማያነበውን ጽሑፍ ተመለከተ።

«አሁን ተስተካከለ? ማኅተሙ ብቻ ነበር አይደል የጎደለው?»

ሙሚና ከጀርባው ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነበር። ሕመሙን አውቃለች፤ ረሃቡን አውቃለች፤ የማሩን ምክንያት አውቃለች፤ የእኔን ጥፋት እንኳ ከእሱ ቀድማ አውቃ ሸፍናልኛለች። በዚህም እንድትበልጠኝ አልፈቀድሁም።

«የጎደለው ማኅተም አልነበረም» አልሁት። «ባየልኝ፣ ተቀመጥ።»