የብረት ፓራፋንጎ

«ንፍሮውን ለሚበላ ስጡ!»

ባዬ የቀረበለትን ሳህን በጫማው መታው። ስንዴው ከነባቄላው በድንኳኑ ምንጣፍ ላይ ተበተነ፤ ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ወንድሙ መምህር ስመኘው ከተቀበረ ሰልስቱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ባዬ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣውም፤ ጠመንጃውንም ከጉልበቱ አላወረደም።

የሟች ሚስት እስከዳር ተንበርክካ ንፍሮውን ትለቅም ጀመር። «ጋሼ ባዬ፣ ልጆቹ እኮ ያዩዎታል» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይዩ! አባታቸውን እንደ ጅብ ተኩሰው ጥለውታል፤ ይዩና ይወቁ።»

«ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው አሉ። ይታገሱን ይዘው።»

«ይምጡ። በእግሩ ከመጣልኝማ መንገድ አሳጠረልኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ይታገሱ ስመኘው በሚያስተምርበት ቀበሌ የሚያርስ ሰው ነው። ሰኞ ማለዳ፣ ጉም መሬቱን ሸፍኖት ሳለ፣ በቆሎውን ሲጠብቅ አድሮ መምህሩን ከነሳይክሉ ደረቱን ብሎ ጣለው። በዚህ ዓመት ተኩስ ያልሰማ ጆሮ የለም፤ ሰው ሁሉ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ወደ መሣሪያው ነው የሚሮጠው። እንዲህ እያሉ ለባዬ ሊያስረዱት የሞከሩ ነበሩ። ባዬ ግን ምክንያት አልፈለገም፤ የፈለገው ሰውየውን ነው።

ሳይክሉ ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ጭቃው ደርቆበታል፤ የኋላው ፓራፋንጎ ተጣሟል። ባዬ ሦስቱንም ቀን ወደዚያ ማየት አልወደደም።

መስከረም መግቢያ ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ቡሬ ገበያ ነበሩ። ስመኘው ከፍኖተ ሰላም እስከ ትምህርት ቤቱ በየቀኑ ጭቃ ያቦካል፤ የኋላው ጎማ እየረጨው ክፍል ሲገባ ጀርባው እስከ ኮሌታው የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ተማሪዎቹ ሊጽፍ ዞር ባለ ቁጥር ይስቁበታል። እናም የጎማ መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎ፣ ሊገዛ የሳይክል ዕቃ ሻጩ ሐብቴ ሱቅ ገባ።

ሐብቴ ሁለት ዓይነት አወረደለት፤ ጥቁር ፕላስቲክና የሚያብረቀርቅ ብረት።

«ፕላስቲኩ ሰፋ ብሎ ይሸፍናል፤ ድምፅም የለው» አለ። «ብረቱ ዕድሜ አለው፤ ብሎኑ ከላላ ግን ያገሬውን ውሻ ያስነሳል።»

ስመኘው ፕላስቲኩን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ባዬ ነጥቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «የቀኛዝማች የልጅ ልጅ ፕላስቲክ ጭኖ ይሄዳል? ብረት ነው የሚገባህ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ጋሼን አይተው ነው» አለ ስመኘው እየሳቀ። ታላቁን አስከፍቶ አያውቅምና ብረቱን ገዛ።

ባዬ የሐብቴን እጅ አላስነካም ብሎ ራሱ ገጠመው። ሁለቱ ብሎኖች ያዙ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ለጥቂት አልገጥም አለ። መኪና ሊሄድባቸው ነበርና ብሎኑን ኪሱ ውስጥ ጨመረው።

«ለመስቀል ስመጣ አጠብቀዋለሁ።»

«እስከዚያ ተማሪዎቼ ከሩቅ እየሰሙኝ፣ ደወል ሳይደወል ይሰለፋሉ» አለ ስመኘው።

መስቀል መጣ። ጠላው ተጠጣ፣ ጨዋታው ደራ፤ ብሎኑ ተረሳ። ጥቅምት ባተ።

«ሳይክሉን አውጡት!» አለ አንድ ሽማግሌ ከለቅሶው ድንኳን ደጅ። በአገሩ ደንብ የሟች ፈረስ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተይዞ በለቅሶው መሃል ይዞራል። ስመኘው ፈረስም ጠመንጃም አልነበረውም፤ የነበረው ይኸው ነው። እስከዳር ጋቢውን ኮርቻው ላይ አለበሰችለት። ባዬ ጠመንጃውን አንግቶ መሪውን ያዘ። መግፋት ሲጀምር ፓራፋንጎው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። አልቃሿ ተቀበለች፤

«ፈረሱ ጭቃ ለብሶ መጣ ከመንገዱ፣
ጌታው ወዴት ቀረ፣ ንገሩኝ ዘመዱ።»

ጩኸቱ ቀለጠ። በዚህ መሃል የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ከአጥሩ በር ብቅ አሉ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ በሽማግሌዎቹ መካከል ይታገሱ፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ለፖሊስ እጁን ሳይሰጥ በፊት የሟች ዘመዶች እግር ላይ ልውደቅ ብሎ ነው የመጣው።

ባዬ ሳይክሉን ለቀቀው። ሦስት እርምጃ ሮጦ በሰደፉ አፉን መታው። ይታገሱ ከነድንጋዩ ወደቀ፤ ጥርሱን ከደሙ ጋር ሣሩ ላይ ተፋ። ባዬ ደገመው፤ ጎኑን ረገጠው፤ አቀባብሎ አፈሙዙን ግንባሩ ላይ ተከለ። ቄሱ መስቀላቸውን በመሃል ሰደዱ።

«ባዬ! በመስቀሉ!»

«ዘወር ይበሉ፣ አባ! ከእርስዎ ጋር እደፋዋለሁ!»

ይታገሱ ግን አፈሙዙን አላየም። የወደቀውን ሳይክል ነበር የሚያየው።

«ይኸ ነው! ይኸ ድምፅ ነው፣ አባ! በጉሙ ውስጥ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣብኝ፤ መሣሪያ የሚያቀባብሉ መሰለኝ። ማነህ አልሁ። ሁለተኛም ማነህ አልሁ። ብረቱ እየጮኸ አልሰማኝም! ልጄን ፊደል ያስቆጠረውን ሰው አውቄ እገድላለሁ?»

የባዬ ጣት ቃታው ላይ ደረቀ። ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ገባ፤ ብሎኑ እዚያው ነበር። ንዴቱ አልበረደለትም፤ ዞሮ ራሱ ላይ ወጣበት። ማን ላይ እንደሚተኩስ ጠፋው። የገዛ ጉሮሮውንም አሰበ።

ጠመንጃውን ለቄሱ አቀበለና ሳይክሉ አጠገብ ተንበረከከ። እስከዳር መጥታ አቁማ ያዘችለት።

«ብረቱን እኔ ነኝ የመረጥሁት» አላት። መሪውን አልለቀቀችም።

የተጣመመውን ብረት ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጠመዘዘው፤ ቀዳዳው ከቀዳዳው ገጠመ። ይኸን ያህል ብቻ ነበር የቀረው። ብሎኑን አስገብቶ በጣቱ አዞረ፤ ጥፍሩ ተሰንጥቆ እስኪደማ አጠበቀው። እንባው ያኔ መጣ።

ፓራፋንጎውን ይዞ ነቀነቀው። አልተንኳኳም። ደግሞ ነቀነቀው።